ቅቤ የጠጣ ጠፍር፦ ከድሬዳዋ ሐረር በሞተር ብስክሌት ደርሶ መልስ

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ድሬዳዋ

ወፍ ሳይንጫጫ ተነሣሁ። ሞተር ብስክሌቴን ከማድ ቤቱ ጎን ካለችው ጎጆ እየገፋሁ ሳወጣ ባለቤቴ በላይነሽ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንቱ ሰውዬ፣ አምና በአህያ ተጭና መጣች። ከጥምቀት ወዲህ ደግሞ በግመል። አሁንም እንደ ሬሳ አሸክመው ቢያመጧት ጎጆዋን ለዶሮዎቼ እወስዳለሁ፤ እሷንም ለቆርቆሮ ቀጥቃጩ እሰጣለሁ። እየጮኸች፣ ማንም ሳይገፋት፣ እስከ ደጃፌ ትምጣ። ሌላ አልልም።»

«ትመጣለች።»

«እንሰማለና!»

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፤ ተሰማ እባላለሁ፣ ኮርቻ ሰፊ ነኝ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊትን እስከ እኩሌታው አድርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ቆዳ ነው። ሞተሯን የሰጠኝ ብዙ ዘመን ኮርቻ የሰፋሁለት አንድ ግሪክ ነጋዴ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ነበሩት፤ ቀለማቸው እንኳ አንድ የሆነ እኅትማማቾች። አንዷን ለእኔ፣ ሁለተኛዋን መጻሕፍቱን ይደጉሱለት ለነበሩት ለሐረሩ አው ዩስፍ ሰጠ። አው የሚባለው የሐረር ሰው ሽማግሌን ሲያከብር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔና አው ዩስፍ ስለ ሌላ ነገር አውርተን አናውቅም።

ጉልበቴ አርጅቷል፤ በቅሎም መቀመጥ አልችልም። ይህቺ ሞተር ከሄደችብኝ አው ዩስፍን የማየው እሳቸው ሲመጡ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከሐረር ግንብ ወጥተው አያድሩም። የበላይነሽን ነገር ቀልድ አድርጌ ያልወሰድኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላስረዳ። በእነዚህ በእኛ ሞተሮች የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ረጅም የቆዳ ጠፍር ነው። ጠፍሩ ከሌለ ሞተሩ ቢጮኽም ጎማው አይዞርም። ሞተሩን ማስነሣትም እንደ ብስክሌት በእግር እየረገጡ ነው፤ ያም ያለ ጠፍር አይሆንም። የፈረንጁ ጠፍር ካለቀ ቆይቷል። እኔ በኮርቻ ሰፊ ደንብ ከበሬ ቆዳ እሰፋለሁ። አው ዩስፍ በደጓሽ ደንብ ከፍየል ቆዳ ይሠራሉ። የማን ይበልጣል? የምሄደው ይህን ለመለየት ነው።

የእኔን ትናንት ቅቤና ጮማ አጠጥቼዋለሁ። ቆዳ ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤ ይህን የማያውቅ ኮርቻ ሰፊ የለም።

ሦስት ሰዓት፣ ደንገጎ ዳገት

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጠፍሩ ይሽከረከራል፣ ጎማው ግን ወይ ፍንክች። ቅቤ የጠጣ ጠፍር ብረቱ ላይ እየተንሸራተተ አልይዝ አለ። ወርጄ እገፋ ጀመር። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መጥተው አለፉኝ። ከመካከላቸው አንዷ ዞር አለች።

«ጃርሳ! በቅሎህ ታማለች እንዴ?» ጃርሳ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለት ነው።

«አልታመመችም፣ ጠግባ ነው።»

«ምን አብልተሃት?»

«ቅቤ።»

ሸክማቸውን አውርደው ሳቁብኝ። ሲበቃቸው ያችው ሴት ከመንገዱ ዳር አፈር በእፍኟ ዘግና ጠፍሩን ከዳር እስከ ዳር አሸችው። ሞተሯ እንደ ፍየል ወጣች! ሞተር በቅርብ አይታ የማታውቅ ሴት ናት ይህን ያደረገችው። አመስግኜ ሄድኩ፤ አፍሬም ሄድኩ።

ሰባት ሰዓት፣ ሐሮማያ

ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። በአንድ ቤሳ ሦስት የተቀቀለ ስኳር ድንች ገዝቼ በላሁ። ጠፍሩን ብዳስሰው አፈሩ አድርቆታል። እንዲህ የደረቀ ቆዳ አይቼ ማለፍ አልችልም፤ እጄ ልማዱን አይተውም። ለመንገድ ከያዝኳት የቅቤ ቀንድ ትንሽ አውጥቼ ቀባሁት። ከዚያ በኋላ እስከ አወዳይ ገፋሁ፤ እዚያ ከደንገጎ በቋጠርኩት አፈር መልሼ አሸሁት።

አሥር ሰዓት፣ ሸዋ በር

በሩ ላይ አህያና ሰው ተጨናንቋል። ጠባቂው አስቆመኝ።

«አባቴ፣ ምን ጭነዋል?»

«ራሴን።»

«ከብቱ ምን ይባላል?»

«ከብት አይደለም፣ ሞተር ነው።»

«ይበላል?»

«ቤንዚን ይጠጣል።»

«ከጠጣማ ከብት ነው» ብሎ የበቅሎ መግቢያ አስከፈለኝ። ከዚያ ቀረብ አለና በጆሮዬ «ይራገጣል?» አለኝ። «ቅቤ ሲበላ ብቻ» አልኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኤረር በር አጠገብ፣ አው ዩስፍ ቤት

የግንቡ ውስጥ መንገድ ጠባብ ነው፤ የሞተሬ መሪ ግራና ቀኝ ግድግዳ እየላሰ ደረስን። አው ዩስፍ በር ላይ ቆመዋል። ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣሉ። ስለዚህ እኔ «እርስዎ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «አንተ» ይሉኛል፤ ሁለቷን ዓመት አንድ ቀን እንኳ አስረስተውኝ አያውቁም።

«ያ ተሰማ፣ ማሻአላህ! እጅህ ገርጥቷል። የመጣኸው በሞተር ነው በዱቄት?»

«አፈር ነው አው ዩስፍ። የደንገጎ አፈር።»

ጊቢው ውስጥ ሙሴ ቫርታን የሚባሉ አርመናዊ ሰዓት ሠሪ ተቀምጠዋል። የእሳቸው ሞተር አዲስ ነው፣ ባለ ሰንሰለት ነው፤ እኛን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ። ከቡና ቅጠል የተፈላ ቁጢ ቀረበልንና ሦስታችንም መሣሪያችንን ዘረገፍን። እኔ ወስፌ፣ ጅማትና ጉጠት። አው ዩስፍ ሙጫ የሚቀባበት ብሩሽ፣ ስለታም ካራ፣ የአጥንት ማለስለሻ። ሙሴ ቫርታን ከጥፍር የማይበልጥ ወረንጦና ዓይን ላይ የሚሰካ መነጽር። መፍቻ የያዘ ሰው ከመካከላችን የለም።

የእኔ ሞተር አንድ ብሎን ላልቶ ነበር። እኔ በጅማት ልሰር አልኩ። አው ዩስፍ ወረቀት በሙጫ ነክረው ሥሩ ልወትፍበት አሉ። ሙሴ ቫርታን መነጽራቸውን ሰክተው ብሎኑን ረዥም ጊዜ አዩና «ወደ ኋላ ይቀራል» አሉ። ሰዓት መስሏቸው እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።

ከዚያ ጠፍሮቹ ከሁለቱ ሞተሮች ወጡ። የአው ዩስፍ ቀጫጭን የፍየል ቆዳ አምስት ጊዜ ተደራርቦ፣ በዱቄት ሙጫ ተጣብቆ፣ በመጽሐፍ መጭመቂያ ተጨምቆ የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ እንደ መጽሐፍ ሽፋን አበባ ታትሞበታል።

«አበባው ለምንድን ነው?» አልኩ።

«ዳገት ላይ ስትገፋ የምታየው እንዲኖርህ።»

ሲመሽ ወደ ቤት ገብተን ጠፍሬን ነደባው ላይ ላኖር ስል እጄን ያዙኝ። ነደባ ሐረሮች ቤት ውስጥ እንደየክብራቸው የሚቀመጡበት ከፍ ያለ መደብ ነው።

«ላ፣ ላ! ይህ የሚሸት ነገር ከዚህ አይገባም። የቁርኣን ሽፋን የሚሆን ቆዳ እዚህ ተዘርግቷል።»

«ታዲያ ደጅ ልስቀለው?»

«ደጅ ወራባ አለ» አሉ። ጅቡን ማለታቸው ነው።

«አርባ ዓመት ቆዳ ደጅ ስሰቅል ኖሬአለሁ፣ አንድም ጅብ አልነካብኝ።»

«ድሬ ነዋ የሰቀልከው። የሐረር ወራባ ባለቤት ነው፣ በግንቡ ቀዳዳ ነው የሚገባው።»

አልሰማሁም። ከበሩ ውጭ ካለችው ችካል ላይ ሰቀልኩት። ቅቤውም በደንብ እንዲገባው ትንሽ ጨመርኩ።

ዓርብ ጠዋት

ችካሉ ላይ ምንም የለም። መንገዱ ላይ የጠፍሬ ዘለበት ወድቃለች፣ ተልሳ ታበራለች። አው ዩስፍ አነሷት፣ በኩታቸው ጠረጉና ሰጡኝ።

«ወላሂ ተሰማ፣ ፍርዱ ተሰጥቷል። ጣፋጩ የአንተ ነው።»

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። የበላይነሽን ነገር ነገርኳቸው። ጎጆዋን፣ ዶሮዎቹን፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩን። ሳቃቸው ቆመ። የራሳቸውን ጠፍር እንዳይሰጡኝ ለእኔ ሞተር አጭር ሆነ፤ የኋላ ጎማዬን ቀይሬ ነበርና እኅትማማችነቱ እዚያ ላይ ቀርቷል። ከጁምዓ ሲመለሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው አዲስ ጠፍር መቁረጥ ጀመሩ። ለሽፋን ካስቀመጡት የፍየል ቆዳ ነው የቆረጡት። አየሁ፤ ያየሁ አልመሰልኩም።

ቅዳሜ

ጠፍሩ መጭመቂያ ውስጥ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ጠበቅነው። ማታ ሲወጣ ቀጥ ያለ፣ የሚያበራ ነው። አበባ አትመውበታል።

«ከውሃ ጠብቀው» አሉኝ። «ቅቤ ካስነካኸው ደግሞ ለወራባው ራሴ ነኝ የምነግረው።»

እሑድ፣ የመልሱ መንገድ

እስከ ደንገጎ አፋፍ ድረስ ያለ አንድ ችግር መጣሁ። የኮርቻ ሰፊ ልብ ቢያመውም ልመስክር፤ እንዲህ የሚይዝ ጠፍር ሰፍቼ አላውቅም።

አፋፉ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ኩታዬን አውልቄ ጠፍሩን ላለብስ ሞከርኩ፤ የሚሽከረከር ነገር ኩታ አይለብስም። ሙጫው ነጭ አረፋ እየሆነ መውጣት ጀመረ። ቆዳው እንደ መጽሐፍ ገጽ አንድ ባንድ ተገለጠ፤ አምስተኛው ገጽ ላይ ተበጠሰ። አበባው ብቻ እጄ ላይ ቀረ።

ሞተሩ ግን አልጠፋም! ሥራ እንደፈታ ሰው ዝም ብሎ ይጮኻል። ከዚህ እስከ ድሬዳዋ ቁልቁለት ነው፤ ቤቴም መንገዱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚገኘው ነው። አሰብኩ። ሞተሩ ከጠፋ ያለ ጠፍር አይነሣም። ካልጠፋ ግን ቁልቁለቱ ጎማውን ያዞራል፣ ሞተሩ ጩኸቱን ይጮኻል፣ የሚሰማ ሰው ከየት ያውቃል?

ወረድኩ። አንድ ጊዜ ግመሎች መንገድ ዘጉብኝ፤ ፍሬን ይዤ ቆሜ፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያልኩ ሞተሯን እንደታመመ ልጅ አባበልኩ። ሳል ጀመራት፣ ተንተፋተፈች፤ ግመሎቹ አለፉ፣ እኔም ተለቀቅሁ። ደጃፌ ስደርስ እየጮኸች ነበር። ማንም አልገፋትም። አህያም አልነበረም።

በላይነሽ ወጣች። ሞተሯን አንድ ጊዜ ዞረቻት። ጎማው ጋ ትንሽ ቆም አለች።

«ጮኻ መጣች» አለች። «ቃሌ ቃል ነው፣ ጎጆዋ የእሷ ነው።»

ደስታዬን ልገልጽ ስል ቀጠለች።

«እኔ እኮ በዚህ ነገር ተቀምጬ አላውቅም። እንዲህ ከበረታችማ ማክሰኞ ገበያ ያድርሱኝ።»

ይህን ስትል ጠፍር የሌለበትን ጎማ ነበር የምታየው። አርባ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ያን አተያይ አውቀዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ሰኞ ነው። አጠገቤ የበሬ ቆዳ ተዘርግቷል፤ ሁለት ክንድ ሰፍቻለሁ፣ ሦስት ይቀረኛል። አበባዋን ጫፉ ላይ እሰፋታለሁ። የቅቤዋን ቀንድ ለበላይነሽ ሰጥቼ ቆልፊባት ብያታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።