ያልፈረምኩበት ማመልከቻ

ዩኒቨርሲቲ የገባችው የወንድሜ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ ተሰጥቷቸው እሷ የሕዝብ ፖሊሲ ልትሞላ ነው። «አክስቴ፣ አንቺም እሱን አይደል የተማርሽው? እኔ ግን ቢሮ ለመግባት አይደለም፤ ለሰው መብት መከራከር ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ጥሩ ነው» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ የጀመርኩትን ቃለ ጉባኤ መጻፍ ቀጠልኩ።

በእሷ ዕድሜ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አባቴ ይፋግ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጥ ነበርና ሒሳብ አያያዝ እንድማርለት ይመኝ ነበር። እኔ ግን ሕግ እንዴት እንደሚወጣ ያወቀ ሰው ሕግ ያስለውጣል ብዬ ፖሊሲ ልማር ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ብርዱ ለይፋግ ልጅ ከባድ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሹራቤን ሳላወልቅ ነው የተኛሁት።

ሦስተኛ ዓመት ላይ መምህራችን ከኅብረተሰቡ አንድ ችግር ፈልገን፣ መፍትሔ ጽፈን ለሚመለከተው አካል እንድናቀርብ አዘዘን። ይታየው የሚባል የክፍሌ ልጅ የጉና ሥር ሰው ነበር። «እኛ አገር ምንጭ ታጥሯል» አለኝ። በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ሄደን ከመንገዱ ወርደን በእግር ወጣን። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፤ ከላይ ጅባራ ከበቀለበት ተራራ የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ፊታችን ላይ ይነሰንሰዋል። ምንጩን አንድ መሥሪያ ቤት ለችግኝ ማፍያ ብሎ በሽቦ አጥሮታል። ሴቶቹ ውኃ ለመቅዳት ገደል ወርደው ሲመለሱ ግማሽ ቀን ይሄድባቸዋል።

የተሰበሰብነው ከይታየው አክስት ከእማማ ስንዱ ቤት ነበር። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ማሳውን ራሳቸው ነው የሚያሠሩት። የተቀቀለ ድንች በተልባ አቀረቡልን። እኔ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን፤ ጾም መሆኑ የሥጋውን ነገር ለሁላችንም አቀለለው።

ማመልከቻውን ጽፌ አነበብኩላቸው። የጠየቅነው ትንሽ ነበር፤ ጧት ጧት የአጥሩ በር ይከፈትልን ነው። የጣት ፊርማ ቀለሙን ሳወጣ ግን መጀመሪያ ጣቱን የሚያነሳ ጠፋ።

«አምጪው» አሉ እማማ ስንዱ። «እኔ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ»።

አውራ ጣታቸውን ተጫኑ። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ።

«አንቺስ ልጄ፣ አትፈርሚም?»

«እኔ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ አይደለሁም፤ አይሆንም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማመልከቻውን ያስገባሁበት ቢሮ አስጠራኝ። ኃላፊው ትሑት ሰው ነበር፤ ወንበር ሳበልኝ።

«ይህን ሐሳብ ያነሳው ማነው?»

«እኔ ያሉኝን ብቻ ነው የጻፍኩት። ለትምህርት ነው» አልኩት። ማመልከቻ የማስገባቱ ሐሳብ ግን የእኔ ነበር። እነሱማ ገደሉን ለምደውት ነበር።

ወረቀቱን ገለጠና፣ «ስንዱ የሚባሉት ናቸው መጀመሪያ የፈረሙት። እሳቸው ናቸው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

ያ ቃል እስካሁን በጆሮዬ ያቃጭላል ብል ውሸት ነው። አያቃጭልም። ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩ፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ነበረኝ።

የድንች መትከያ ሲደርስ ይታየው ምግብ ቤት አግኝቶኝ፣ «አክስቴን የድንች ምርጥ ዘር ከሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር አወጧት» አለኝ። ቢሮ ውስጥ ያልኩትን አያውቅም። ሽሮዬን በልቼ ጨረስኩ።

በሳምንቱ ብቻዬን ሄድኩ። ዝናብ ጀምሮ ነበር። እማማ ስንዱ ደጃፋቸው ላይ ገብስ ያበጥራሉ፤ ለድንች ያረሱትን ማሳ ገብስ ሊዘሩበት ነው።

«የቢሮው ሰውዬ መጥቶ ነበር» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ልጅቷ ምንም አታውቅም፣ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ አልኩት»።

«እማማ፣ ስምዎን ሲጠይቀኝ እኮ አዎ እሳቸው ናቸው ብየዋለሁ»።

ማበጠራቸውን አላቆሙም። «አውቃለሁ፤ ነግሮኛል። ብርድ ነው፣ ግቢ»።

ገባሁ። የሰጡኝን በላሁ። ማልቀስ የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር፤ እንባ ግን አልመጣም።

ጽሑፌ ከክፍሉ አንደኛ ተባለ። በዓመቱ ችግኝ ማፍያው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር አጥሩ ተነሳ፤ ማመልከቻውን ያስታወሰ አልነበረም። ተመርቄ እዚሁ ደብረ ታቦር ቢሮ ገባሁ። እማማ ስንዱ ያረፉ ዕለት ይታየው ደውሎልኝ ነበር። ስብሰባ ስለነበረብኝ ለቀብር አልሄድኩም።

ትምህርቱን አልወቅስም። ችግር መለየት፣ አማራጭ ማቅረብ፣ ደብዳቤ መጻፍ አስተምሮኛል። «ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «እኔ ነኝ» ማለትን ግን ያስተማረኝ የለም። እማማ ስንዱም ማንም ሳያስተምራቸው ነው ያሉት።

ትናንት ለወንድሜ ልጅ መልሼ ደውዬ ይህንኑ እንዳለ ነገርኳት። እስከ ዛሬ ለባሌም አውርቼው አላውቅም። ቢሮ የተጠራሁበት ላይ ስደርስ፣ «ከዚያስ? ምን አልሽው?» አለችኝ።

ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ሴትዮዋ ግን እያወቁ ቤታቸው አስገቡሽ» አለች።

«አዎ፣ አስገቡኝ» አልኳት።