በኖራ የተሠመረ በረንዳ

እትዬ ወሰንየለሽን የማያውቅ ሰው መርካቶን አላየም። በርበሬ በረንዳ አፍ ላይ ሃያ ዓመት ጫማ ሸጠዋል። የእግር ልክ ለማወቅ ሜትር አይነኩም፤ ሰውዬው ገና ከአንዋር መስጊድ ሲነሣ ቁጥሩን ይናገራሉ፤ ሲደርስ ጫማው ክሩ ተፈትቶ ይጠብቀዋል።

በ1957 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ጫማ ኩባንያ ለመርካቶ አንድ ወኪል ልሹም አለ። ወኪሉ የኩባንያውን ስም በሩ ላይ ይሰቅላል፤ ሱቁን ግን ኩባንያው ባጸደቀው ፕላን ነው የሚሠራው። እትዬም ባዶ ቦታቸው ላይ ለሚሠሩት ሱቅ ከፊቱ በረንዳ ያለው ፕላን አስነሥተው ላኩ። በረንዳው በቀይ እርሳስ ተሰርዞ ተመለሰ። ደግመው ላኩ፤ አሁንስ እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል። «ደንበኛ በመስተዋት በር ይገባል» ይላል ደንቡ።

«የእኔ ስም ወሰንየለሽ፣ እነሱ ወሰን ወዳድ፤ እንዴት እንግባባ?» አሉ።

የተክለ ሃይማኖቱ ተፎካካሪያቸው ወርቁ በረንዳ የሌለው ፕላን አስገብቶ ነበር።

«እትዬ፣ በረንዳዋን ይተዉአትና ይገላገሉ። እምቢ ካሉም እኔ ዘንድ ይቀጠራሉ፤ ወንበር አላሳጣዎትም።»

«ወንበሩን የት ልታወጣልኝ? በረንዳ የለህ።»

ቅዳሜ የኩባንያው መሐንዲስ ሙሴ ቪቶሪዮ ሊወስን መጣ። ያን ቀን ካልፈረመ ውክልናው የወርቁ ነው። እትዬ ኩባንያው የሚፈልገውን በረንዳ የሌለው ሱቅ በቦታው ላይ በልኩ በኖራ አሥምረው፣ መሀሉን ጫማ ደርድረውበት ጠበቁት።

የቅዳሜ ገበያተኛ ጎረፈ፤ መሥመሩን የረገጠ ግን የለም። ፍራሽ የተሸከመ አንድ ሰው መስተዋቱን እንዳይሰብር በሌለው ግድግዳ ዞሮ አለፈ። አንዲት ባለነጠላ የኖራው በር ላይ ቆማ «ቤቶች!» አለች። እትዬ መሐንዲሱ እንዲያይ ሆን ብለው ጫማ ወደ ማስተካከል ዞሩ። ሴትየዋ መንገዷን ቀጠለች።

ሙሴ ቪቶሪዮ ተከትሎ ደረሰባት። «ለምን አልገባሽም?»

«ገብቶ ሳይገዙ መውጣት ነውር አይደል እንዴ? ደሞስ በዚህ አቧራ እግሬ የሰው ቤት?»

እትዬ ከበሩ ፊት በረንዳ ጨምረው አሠመሩ፤ አሥር ጥንድ ጫማ አወጡበት። ያቺው ሴት ተመልሳ ጎንበስ አለች፤ አንዱን አጠፈችው፣ ሶሉን በጣቷ መታችው። ሁለተኛዋ ቆመች፣ አምስተኛው ቆመ። ሙሴ መነጽሩን ጠርጎ እስኪያደርግ መርካቶ ግማሹ በረንዳው ላይ ነበር፤ ሁለቱማ የሌለውን ጣሪያ ጥላ ሲሻሙ ተጣልተዋል። ባለነጠላዋ ልኳን ስታጣ በበሩ ዘልቃ፣ ከውስጥ ሁለት ጥንድ ይዛ ወጣች።

ሙሴ ቪቶሪዮ ፕላኑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «በረንዳው ጸድቋል» ብሎ ጻፈ። «ሁለት ሜትር ነው ያሉት፤ ይጠብባል። ሦስት ልበለው?»

«አራት ይበሉት።»

«ኧረ እትዬ፣ መንገዱ ውስጥ ሊገባ ነው።»

«እንግዲያው ሦስት ተኩል፤ እርስዎም አይክሰሩ፣ እኔም አልክሰር።»

በሦስት ተኩል ፈረመ።