አቼቶ የሚሸት አንሶላ

ባለቤቴ አልጋ ላይ በዋለ በሁለተኛው ወር አንሶላው እንደሚያመው ነገረኝ።

"ካርቶን ላይ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ" አለኝ። "ትንሽ ስንቀሳቀስ ጀርባዬን ይፍቀኛል።"

እውነቱን ነበር። እዚህ ኬንያ፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር የተከራየነው ፎቅ ውሃው የቦርሆል ነው፤ ከጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ፣ ጨው ጨው የሚል። ሳሙና አረፋ አይወጣውም። ጣሪያ ላይ የደረቀ ሱሪ ከሽቦ አውርደው ቢያቆሙት ራሱን ችሎ ይቆማል። ጤነኞች ሳለን ይህን ልብ ብለነው አናውቅም። ሰው ልብሱን ለብሶ ወደ ሥራው ሲሮጥ ልብሱ ምን ያህል እንደሚሻክር የት ያውቃል?

እሱ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ ካለ መጋዘን ዕቃ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ፍሬን የረገጠ መስሎት እግሩ ሳይታዘዘው ቀርቶ መኪናውን ከግድግዳ ጋር አላተመው። ድካም ነው አልን። ቆይቶ አከርካሪው ላይ ዕጢ ተገኘ። የሚሞከረው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ሐኪሙ እኔን ብቻ ወደ ጎን ጠርቶ፣ ከእንግዲህ ቤት ሆኖ ቢታመም እንደሚሻል ነገረኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። እንዳልገባው ሰው አመስግኜው ወጣሁ።

እኔ ኢስትሊ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ እሠራለሁ። የምገባው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እሱን አጥቤ፣ አንሶላውን ቀይሬ፣ የቆሸሸውን ጣሪያ ላይ አጥባለሁ። ካርቶን ነው ባለኝ ማግስት ከሱቅ በትንንሽ ፓኬት የሚሸጠውን የልብስ ማለስለሻ ገዛሁ። አንሶላው በርግጥ ለሰለሰ። ሽታው ግን ሳል ቀሰቀሰበት፤ በሦስተኛው ቀን ጀርባው በሽፍታ ተሞላ። ያንኑ አንሶላ ሽታው እስኪለቅ ደጋግሜ ሳለቀልቅ እጄ ዛለ። ጣሪያው ላይ፣ ሳፋው አጠገብ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ከታችኛው ፎቅ የምትኖር፣ ሁላችንም ማማ የምንላት ኬንያዊት ጎረቤት ነበረችን። እኔ ሥራ ስውል እየወጣች ውሃ የምታጠጣልኝ እሷ ነበረች። ልብሷን ልታሰጣ ስትመጣ አገኘችኝ።

"ፖሌ" አለችኝ፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። ነገሩን በተሰባበረ ስዋሂሊዬ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና "ሲኪ ጨምሪበት" አለችኝ።

ሲኪ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ወርዳ አንድ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

"ይሄማ አቼቶ ነው!" አልኳት በራሴ ቋንቋ። "አልጋ ላይ ለተኛ ሰው? ሰላጣ መሰለሽ?"

ቋንቋው ባይገባትም ፊቴ ገብቷት ሳቀች። አስተማረችኝም። አንሶላው በሳሙና ታጥቦ፣ ሁለቴ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ሳፋ ውስጥ አንድ ስኒ ነጭ አቼቶ ይጨመርና አንሶላው ጥቂት ይቆይበታል። ከዚያ ይጨመቃል፣ ነፋስ ላይ ደህና ተደርጎ ይራገፋል፣ ይሰጣል። ከበረኪና ጋር ግን እንዳትቀላቅዪ፣ ጭሱ ይገድልሻል አለችኝ። ባቄላ ሲቀቅሉ የሚጨምሩትን ማጋዲ የሚባለውን አፈር መሰል ሶዳም ሰጠችኝ፤ ውሃውን ያለዝባል ብላ። እሱን አበዛሁትና መዳፌ ተሰነጣጠቀ፤ ተውኩት። አቼቶው ላይ ጸናሁ።

የመጀመሪያውን አንሶላ ሳነጥፍለት አፍንጫውን ወደ ትራሱ አስጠጋ።

"ምን አደረግሽው?"

"አቼቶ ነው። ሽታው አሁን ይጠፋል።"

"በሕይወቴ ሰላጣ ሆኜ አላውቅም" አለ። "ቲማቲሙን መቼ ነው የምታመጪው?"

ከታመመ ወዲህ አብረን የሳቅነው ያን ቀን ነው። ሽታው እውነትም ሲደርቅ ጠፋ። ጀርባውን ሲያሳርፍ ዓይኑን ጨፍኖ "እፎይ" አለ። ያቺ እፎይታ ለእኔ እንደ ደመወዝ ነበረች።

ከዚያ በኋላ አንሶላ አምልኮ ሆነብኝ ማለት እችላለሁ። ግማሽ ሲደርቅ አወርደውና እንደ ቆዳ በእጄ አሸዋለሁ፤ መልሼ አሰጣዋለሁ። የከተማው ውሃ በመጣ ቀን በጀሪካን አጠራቅሜ ለአንሶላው ብቻ አስቀምጣለሁ፤ እኛ የምንታጠበው በጨዋማው ነው። ሌላውን ነገር ማቆም አልቻልኩም፤ ዕጢውን ማቆም አልቻልኩም። ጨርቅ ማለስለስ ግን እችል ነበር። በየቀኑ ሳነጥፍለት "ለሰለሰ?" እለዋለሁ። "ጥጥ ነው" ይለኛል።

ዝናቡ ሲገባ አንሶላ አልደርቅ እያለ መከራዬን አየሁ። በዚያው ሰሞን ከወገቡ በታች፣ አጥንቱ ወጣ ያለበት ቦታ ላይ ቆዳው ቀልቶ አየሁ። በደንብ ስላልደረቀ ነው፣ ሻክሮበት ነው ብዬ ደመደምኩ። አቼቶውን ጨመርኩ፣ ማሸቱን አበዛሁ። ጠዋቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ስውል እሱ እታች እንዳስተኛሁት በጀርባው ተኝቶ ይጠብቀኛል።

በየሁለት ሳምንቱ ቤት መጥታ የምታየው ነርስ ነበረች። ያን ቀን ገለበጠችው። መቅላቱ ጠቁሮ፣ መሐሉ ተከፍቶ ነበር። ከቦርሳዋ መርፌ አወጣችና ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረችው።

"ሲሰማህ ንገረኝ" አለችው በእንግሊዝኛ።

ወገቡን ነካችው። ዝም። ጀርባውን መሐል ለመሐል ነካችው። ዝም። ወደ ላይ ወጣች፣ ትከሻው ሥር ደረሰች። ዝም። አንገቱ ግርጌ ስትደርስ ብቻ "አሁን" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

መልሱን ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ፤ በአማርኛ። "ቆየ" አለኝ። "ከዝናቡ በፊት ነው።"

ነርሷ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ እንደነበረበት ነገረችኝ። ሆስፒታል ሲያስወጡን ይህንኑ ብለውኝ ነበር፤ መጀመሪያ ላይም እሱ ራሱ "ጎኔ ደከመ፣ አዙሪኝ" ስለሚለኝ ሰዓት መቁጠር አላስፈለገኝም። መጠየቁን ሲተው እኔም መገላበጡን አሳነስኩ። ተመቸው ብዬ ነዋ! ቁስሉን አጥባ፣ ሸፍና፣ እንዴት እንደማጥበው አሳይታኝ ሄደች።

በሩ እንደተዘጋ ጮህኩበት። ለታመመ ሰው እንዲህ ይጮሃል ወይ፣ እኔ ግን ጮህኩ።

"ለምን ዋሸኸኝ? ጥጥ ነው እያልክ!"

"እየሮጥሽ ትመጫለሽ" አለኝ። "እጅሽ ተልጦ፣ ለሰለሰ ትዪኛለሽ። ምን ልበልሽ? አይሰማኝም ልበልሽ?"

"አዎ! አይሰማኝም በለኝ!"

"እሺ" አለ ቀስ ብሎ። "አይሰማኝም።"

ያን ጊዜ ምን እንዳስጮኸኝ ገባኝ። እውነቱን ነግሮኝ ቢሆን የምይዘው አልነበረኝም፤ እሱ ይህን ያውቅ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንባው ወደ ጆሮው ሲወርድ በመዳፌ ጠረግኩለት፤ መዳፌ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነበር፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ስሜቱ አልጠፋም። ፊቱን ግን አላሸሸም።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሰዓቱ አገላበጥኩት። እኔ ሥራ ስውል ማማ ታገላብጠዋለች። ቁስሉ ግን አልዳነም፤ ጠለቀ። ትኩሳት ጀመረው። አንሶላ በቀን ሦስቴ ይቀየር ጀመር፤ ማለስለሱ ቀርቶ ማድረቁም አቃተኝ፤ እርጥቡን በካውያ እያደረቅኩ ማንጠፍ ያዝኩ። አንድ ቀን ማለዳ ለማገላበጥ ክንዴን ከሥሩ ሳስገባ ከብዶኝ ቀና ብዬ አየሁት። ሄዷል።

አስከሬኑን ወደ አገር መላክ አልቻልንም፤ እዚሁ ተቀበረ። እናቱ ደሴ ናቸው፤ እርጅናው ከቤት አያስወጣቸውም። በአሥረኛው ቀን ደወሉልኝ። ለረዥም ጊዜ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ ብዙ ሕመምተኛ ያስታመመ ሰው እንደሚጠይቀው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ እንዲያው ለመሆኑ ጎኑ አልቆሰለም?"

መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። እታች ማማ ጎንበስ ብላ ደረጃውን ታጥባለች።

"አልቆሰለም፣ እማማ" አልኳቸው።

"ተመስገን" አሉ። "እሱን ነበር የፈራሁት። እጅሽ ይባረክ። ያገላበጥሽው ጎን በሰማይ ይቆጠርልሽ፣ የወለድሽው ያስታምምሽ..."

ምርቃታቸው ረዘመ። እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው። አሜን ማለት ግን አቃተኝ።