ውሃ የማይወደው እንግዳ

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ በጋ ከምሥራቅ ቆላ ሲመለስ እንደ ልማዱ ብርቱካን ያመጣልናል ብለን ስንጠብቅ፣ ከጋቢናው በጆንያ የተጠቀለለ ጉድ አወረደ። ግንዱ ከታች እንደ ቅል ያበጠ፣ ቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ላይ ሮዝ አበባ የያዘ ቁጥቋጦ ነበር።

«አለት ላይ፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት በቅሎ አገኘሁት» አለ።

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ሆዱን አየኸው? ቁርጥ አንተን!» አባቴ ያኔ ቦርጫም ነበር።

እንግዳ ነውና አስተናገደችው። በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በግቢያችን ጥቁር አፈርና በፋንድያ ተከለችው፤ ጠዋት ማታ አጠጣችው። በእኛ ሰፈር በኮልፌ እንግዳ «በቃኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? «በሞቴ» ተብሎ ይጨመርለታል።

ክረምቱ ሲገባ በምሥራቅ ጦርነት ተነሣ። አባቴ በመኪናው ለጦሩ ስንቅ እንዲያመላልስ ታዘዘና ሄደ፤ ወሬውም ጠፋ። በዚያው ሰሞን የተክሉ ቅጠል ይረግፍ ጀመር። እናቴ ለሰው ምንም አልተናገረችም፤ ለእኔ ለትልቋ ልጇ ግን፣ «ይህ ከሞተ እሱም አይመለስም» አለችኝ። በጣም ፈራሁ። እሷም ውሃውን ጨመረች።

ድሬዳዋ ያደጉ አንዲት ጎረቤታችን ሊጠይቁን መጥተው አዩት። «በስመ አብ! አሰጠምሽው እኮ!»

«ቅጠሉ ሲረግፍ የጠማው መስሎኝ ነው፣ እትዬ።»

«አገሩ ላይ ድርቅ ሲሆን ቅጠሉን ጥሎ ሆዱ ውስጥ ባቆረው ውሃ ይኖራል። ተይው። ግንዱን ጫን በይው፤ ጠንካራ ከሆነ አለ።»

አብረው ነቅለው የበሰበሰውን ሥር ቆረጡለት። ቁስሉ እስኪደርቅ መስኮት ላይ አሳደሩትና በጠጠር መልሰው ተከሉት፤ ዝናብ እንዳያገኘውም ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አስጠጉት። ከዚያ ወዲያ እናቴ ምንም ልታደርግለት አይገባም ነበር፤ የከበዳትም ይኸው ነው። የውሃውን ጣሳ ታነሣና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ጠዋት ጠዋት ግን ግንዱን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርግና፣ «አለ» ትለኛለች። እኔም ቀለል ይለኛል።

በልግ ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። አባቴ ነበር፤ ቦርጩ ጠፍቶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ልብሱ ሰፍቶት። ተክሉ ገና አንድም ቅጠል አላወጣም።

እናቴ እልል አላለችም፤ አላቀፈችውምም። ቀርባ ክንዱን ያዘችና በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

«አለ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።