የእሳት ኮከብና የውኃ ኮከብ

ከኮሪያ ዘመቻ በሰላም ተመልሼ፣ የሦስት ወር ፈቃድ ይዤ ጋይንት ገባሁ። ጥይት ያልጣለኝን ሰው አንድ መሪጌታ በጣት ቆጠራ ሊጥሉኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው በቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚያስተምሩትን የእኒህን መሪጌታ ልጅ አርብ ገበያ ላይ አየኋትና ልቤ እዚያው ቀረ። ሽማግሌ ላክሁ። በማግስቱ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። መሪጌታ የሁለታችንን ስም ከእናቶቻችን ስም ጋር ቆጥረው ኮከባችንን አውጥተዋል፤ እኔ እሳት፣ እሷ ውኃ። “ወይ እሱ ያተናታል፣ ወይ እሷ ታጠፋዋለች፤ ኮከባቸው አይገጥምም” ብለዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌ ይጨምር ነበር። እኔ ግን ችኩል ነኝ። ወግ እንዳልሆነ እያወቅሁ ብቻዬን ሄድሁ።

መሪጌታ ከደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ፣ ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በሎሚ የታሸ ፌጦ አለ።

“ምን ሆኑ፣ የኔታ?”

“ያቃጥለኛል። ጾም ጀመረው፣ እርጅና ጨረሰው።” ይህን ብለው ፌጦውን ደገሙት።

ያን ጊዜ ኮሪያ ትዝ አለችኝና አጫወትኋቸው። እዚያ ሆዴን ሲያመኝ አንድ የመንደር ሐኪም፣ ሽማግሌ ሰው፣ የሁለቱን እጆቼን አንጓ ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ተራራው አመለከተኝ፤ ጧት ነበርና አንዱ ጎን ፀሐይ፣ ሌላው ጥላ ነው። ከቀትር በኋላ ጎትቶ አወጣኝና እንደገና አሳየኝ፤ ጥላ የነበረው በርቷል፣ የበራው ጨልሟል። ነገሩ የገባኝ አስተርጓሚ ሲገኝ ነው። ሰውም እንደ ተራራው ሙቅና ቀዝቃዛ ጎን አለው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም፤ አንዱ ሲያይል በሽታ ይሆናል። እኔን ብርዱ አይሎብኝ ኖሮ ዝንጅብል አጠጣኝ፤ ዳንሁ።

“ይኼማ የእኛው አራቱ ባሕርያት አይደለም እንዴ” አሉ መሪጌታ ቅር ብሏቸው። “ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃ፣ ከመሬት ነው የተፈጠረ። ለእነሱ ማን ነገራቸው?”

እኔም ዘልዬ ገባሁ። “ታዲያ እሳትና ውኃ በአንድ ገላ ከኖሩ በአንድ ጎጆ እንዴት አይኖሩም?”

“በገላ የሚያስታርቃቸው እግዚአብሔር ነው። በጎጆ ግን እናንተው ናችሁ።”

እውነታቸውን ነው። ልነሣ ስል ዓይኔ ፌጦው ላይ አረፈና “እስቲ እጅዎን” አልኋቸው። ሁለቱንም አንጓ ይዤ ዓይኔን ጨፈንሁ። አልዋሽም፣ ከራሴ ልብ ምት በቀር ምንም አልሰማሁም። ለፌጦው ግን አንጓ መያዝ አያስፈልገውም ነበር።

“በእሳት ላይ እሳት እየጨመሩ ነው። ሰባት ቀን ፌጦ ትተው ተልባ ይጠጡ። ካልተሻለዎት ደጅዎን ዳግም አልረግጥም።”

“የኮሪያ ደብተራ” ብለው ሳቁብኝ። ልጅቱ ግን ከጓዳ ሰምታን ኖሮ፣ ከግቢው ሳልወጣ ተልባ ሲንጣጣ ሰማሁ።

ያን ሳምንት ኮሪያ ያልፈራሁትን ፍርሃት ፈራሁ። በስምንተኛው ቀን ተጠራሁ። መሪጌታ ፊታቸው ፈክቷል።

“በርበሬ በላሁ፤ አላቃጠለኝም” አሉ። “እሳቱ እህሌን ይፈጭልኛል፤ አልጠፋም፣ በረደ እንጂ። ኮከባችሁ ዛሬም አይገጥምም። ግን ማስታረቅ ታውቁበታላችሁ መሰል። ውሰዳት።”

ጉልበታቸውን ስሜ፣ በደስታ ሰክሬ፣ አዲስ አበባ ወደ ጦር ክፍሌ ይዣት እንደምሄድ ነገርኋቸው። ፊታቸው ባንድ ጊዜ ጠወለገ።

“ተልባዬንስ ማን ይቆላልኛል?”

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በቤቱ ያለችው ልጅቱ ብቻ ናት። ቀና ብዬ አየኋት፤ ከጓዳው በር ላይ የሙቀጫውን ዘነዘና ይዛ መልሴን ትጠብቃለች።

“እኔ እቆላልዎታለሁ” አልሁ።

ጦሩን ተሰናብቼ ጋይንት ቀረሁ። የመጀመሪያውን ተልባ አሳረርሁት፤ መሪጌታ ግን ጭልጥ አድርገው ጠጡት።