ሰባሪዋና የምድጃው ወንድሟ

ሰባሪዋ እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ስድብ አይደለም፣ የሥራ መደቧ ነው። ፋብሪካው ከግልጽ ፕላስቲክ ብርሃን አስተላላፊ ዘንግ ያመርታል። ሐኪም አንዱን ጫፍ ከአምፖል ጋር አገናኝቶ ሌላውን ወደ በሽተኛ ጉሮሮ ሲያስገባ፣ ብርሃኑ በዘንጉ ሆድ ውስጥ ተጉዞ ከወዲያ ማዶ ይወጣል። የእሷ ድርሻ ከየትሪው ጥቂቱን አንስታ ማሰቃየት ነው፤ ማጠፍ፣ መጠምዘዝ፣ በመዶሻ መውቃት። ሃያ ሁለት ዓመት እየሰበረች ደመወዝ የበላችው ይህች ሴት፣ ቤቷ ስትገባ ግን ጠርዙ የተሸረፈ ብርጭቆ ለመጣል እንኳ አንጀቷ አይችልም።

ምድጃው የታናሽ ወንድሟ የሥራ ድርሻ ነው። ያሳደገችው እሷ ናት፤ እጁን ይዛ ወደ ፋብሪካው ያስገባችውም እሷው። ዘንጉ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ በውስጡ ውጥረት ስለሚቀር፣ ምድጃ ውስጥ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ቀስ እያለ መብረድ አለበት፤ አለዚያ አልኮል ሲነካው ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ግን ወንድምየው አራት ሰዓት ይበቃዋል አለ። ጭነቱ በቀኑ ከወጣ የክፍሉ ኃላፊ እንደሚሆን ቃል ተገብቶለታል፤ የጭነት መኪናውም ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ ቆሟል።

ሰባሪዋ አንዱን ዘንግ አንስታ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠረገችው፤ ሐኪም ቤት ሁሌም እንደሚጠረገው። መዶሻ ሳይነካው የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ገላውን ሞላው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው እጇ ላይ ለሁለት ተከፍሎ መዳፏን ቀደደው። የፍተሻ መዝገቡ ላይ «በሙሉ ይሰበር» ብላ ስትፈርም ደሟ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ።

ወንድሟ ገብቶ በሩን በጀርባው ዘጋው።

«እትዬ፣ ይህን ገጽ ቅደጂው።»

«ስንት ሰዓት ቆየ?»

«ስድስት።»

«ለእኔ ነው ይሄ? የሽንት ጨርቅህን ላጠብኩት?»

«በአልኮል ጥረጊ ያለሽ ማነው? በውኃ አይሆንም?»

«እንግዲያው ሐኪሞቹ በውኃ እንዲጠርጉ ደብዳቤ ጻፍላቸዋ! ስባሪው ሰው ጉሮሮ ውስጥ ሲቀርስ ማን ያወጣዋል፣ ጌታው ኃላፊ?»

በጥፊ አላት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። መዝገቡን ደረቷ ላይ አጣብቃ ስትይዘው አንገቷን አንቆ ከጠረጴዛው ጋር አላተማት፤ መለኪያዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። አውራ ጣቱ ጉሮሮዋን ሲጫን ዓይኗ ጨለመ። እየዳበሰች መዶሻዋን አገኘችው።

ሌላ ሰው ቢሆን በደመ ነፍስ ጭንቅላት ይፈልግ ነበር። እሷ ግን ባለሙያ ናት፤ ነገር የት ጋ እንደሚሰበር ታውቃለች። የእጁ አንጓ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አሳረፈችበት። ቀጭ አለ። ጮኾ ተንበረከከ።

«ኧረ ምንድን ነው እዚያ?» አለ ሾፌሩ ከውጭ።

«ሥራ ላይ ነን!» አለች ደሟን እየተፋች።

ከዚያ ወደ ትሪዎቹ ዞረች። ዘንጎቹን አንድ በአንድ መውቂያ ብረቷ ላይ እያስቀመጠች በመዶሻ አደቀቀቻቸው። ስባሪው ግድግዳ ላይ ይረጫል፤ ጉንጯን ይቧጭራል፤ ክንዷ እስኪዝል አላቆመችም። ወንድሟ እጁን እንዳቀፈ ግድግዳውን ተደግፎ ያያታል።

«እትዬ፣ ተይ... ወንበሬን ነው የሰበርሽው።»

«ያልተቀመጥክበትን ወንበር?» አለች ሳትዞር።

የመጨረሻው ትሪ ሲያልቅ ሾፌሩ በሩን ገፋ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ፤ ወለሉን፣ እሷን፣ ወንድሟን። በሩን መልሶ ዘጋው፤ መኪናው ባዶውን እየተንገጫገጨ ሄደ።

ሻሿን አውልቃ የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ አሰረችለት፤ ሲያቃስት አላባበለችውም። ከዚያ ብብቱን ይዛ አነሳችው። በምርት አዳራሹ ውስጥ እሷ ደም በደም ሆና፣ እሱ እጁ ታስሮ ወደ አጥንት ሐኪም ሲያልፉ፣ ሠራተኛው ሁሉ ማሽኑ ላይ አቀርቅሮ ሥራ የያዘ መሰለ።