ውሃውን ያሳማ ጥርስ

ማስክ ግዴታ ሲሆን ዓለም ተጨነቀ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ከልጅነቴ ጀምሮ አፌን በእጄ ከልዬ የምስቅ ሰው ነኝ። ጥርሶቼ ቢጫና ትንንሽ ናቸው፤ ቆሎ ይሸርፋቸዋል፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ከድዴ አልወጡም። የታናሽ እህቴም እንደዚያው ነው። ያደግነው አዳማ ስለሆነ ሰው ሁሉ "ጥርሳችሁን ያበላሸው የአገራችሁ ውሃ ነው" ይለናል፤ እኛም ውሃውን አምተን አንጠግብም።

ያኔ አረብ አገር፣ አል ዋርቃ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት እሠራ ነበር። የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ዩኒቨርሲቲዋ ስለተዘጋ ከቤት ሆና በኮምፒውተር ትማራለች፤ የምታጠናው ስለ ሴል ነው። አንድ ቀን ማስኬን ዝቅ አድርጌ ሻይ ስጠጣ ማድቤት ገባችና ዓይኗን አፌ ላይ ተከለች።

"እስቲ ጥርስሽን አሳዪኝ።"

"ምነው፣ አህያ ልትገዢ ነው?"

ሳቀች እንጂ አልተወችኝም። "የጎረቤቶቻችሁስ እንዲህ ይሸረፋል?"

"አይ" አልኳት። የጎረቤቶቻችን ጥርስ ቢበልዝም አጥንት ይቆረጥሙበታል። ስንት ዘመን ይህን ልብ ሳልል!

ወንበር ስባ አስረዳችኝ። ሴል ሠርቶ ወደ ውጭ የሚልካቸው ፕሮቲኖች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገር የሚለጥፉባቸው ሠራተኞች አሉ፤ ኪናዝ ይባላሉ። የእነዚህ ቤተሰብ መልኩ ከሌሎቹ ኪናዞች ይለያል። "አንዷ ራሷ አትለጥፍም፤ ግን እሷ አጠገብ ካልቆመች ለሌላዋ ሥራው አይሆንላትም። እሷ በዘር ስትጎድል የጥርስ ሽፋን በደንብ አይሠራም።"

"ሳትሠራ የምታሠራ? ማዳም ናታ!"

"ዋላሂ ለእማዬ እነግርብሻለሁ!" አለች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። "ሙሽኪላው፣ ችግሩ፣ ኩላሊት ነው። እንዲህ ያለ ጥርስ ባላቸው ሰዎች ኩላሊት ውስጥ ካልሲየም ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ሁለታችሁም ተመርመሩ።"

እህቴ ወገቤን ይወጋኛል ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ደነገጥኩ። ስደውልላት "በዚህ በኮሮና ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል?" ብላ ድርቅ አለች። አውሮፕላን የለ፣ ሄጄ አልጎትታት። የማዳም ልጅ ስልኩን ተቀበለችኝና አማርኛ ሳትችል፣ በቪዲዮ ወገቧን እየያዘች፣ መዳፎቿን አጋጥማ ለመነቻት። እህቴ የሰው አገር ልጅ ስትለምናት አፍራ ሐኪም ቤት ሄደች።

ኩላሊቷ ውስጥ ካልሲየም ተገኘ፤ ግን ኩላሊቷ ገና አልተጎዳም፤ በጊዜ ደርሳለች። ሐኪሙ ክትትል እንዳታቋርጥና ውሃ በብዛት እንድትጠጣ አዘዛት። ኋላ ስመረመር የእኔም እንደዚያው ሆነ።

እህቴ በተመረመረች ማታ ደውላ ስልኩ ፊት አንድ ብርጭቆ የአዳማ ውሃ ጨለጠች። "ይኸው፣ ያማሁት ውሃ መድኃኒቴ ሆነ" አለችና አፏን ሳትከልል ሳቀች።

የማዳም ልጅ እህቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ልነግራት ስል እንባዬ ቀደመኝ።